መታወቂያው

መርሳ ከተማ መውጫ ኬላው ላይ ታጣቂው «መታወቂያ» ሲለው፣ ሃፍታይ ከባጃጁ ወርዶ ካርዱን አወጣ። ጠዋት እዚያው የትግርኛ ስም ስላላቸው ብቻ የተወሰዱ ሰዎች ነበሩ። እጮኛው ተከትላው ወረደችና በጥፊ አጮለችው።

«ልጅህ በትኩሳት እየነደደ አንተ ትዞራለህ?» ብላ ልብሱን ጨምድዳ ናጠችው። ልጅ የላቸውም። ስልኩ ላይ አብረው አኒሜ የተባለውን የጃፓን ካርቱን ሲያዩ ሃፍታይ የሚወደው ለፍቅረኛዋ ስትል ሰይፍ ፊት የምትቆመዋን ልጅ ነበር፤ እጮኛው ግን «ከመሞቷ በፊት ለምን አታስብም?» ትለው ነበር።

ታጣቂው ሳቀ። «ቤትሽ ወስደሽ ምቺው፤ መንገዱን ልቀቁ።»

ባጃጁ ሲሪንቃን ሲያልፍ እጮኛው ጭብጧን ፈታች። መቼ ከእጁ እንደወሰደችው ያላወቀው መታወቂያው እዚያ ነበር፤ ጠርዙ መዳፏን ቆርጦታል።