የትግሉ ወለል

የሽንት ቤቱ መቀመጫ ይወዛወዛል። በግራ ጫን ስለው በቀኝ ይነሳል፤ በቀኝ ስጫነው ከኋላ ጓ ይላል። ውኃልኩን አስቀምጬ ባየው አረፋዋ ወደ ግድግዳው ሸሽታ ቁጭ ብላለች። ገና ከጧቱ አንድ ሰዓት ነው፤ የመተማ ፀሐይ ግን ከወዲሁ የጣሪያውን ቆርቆሮ ማንጫጫት ጀምራለች።

“ደምለው፣ ወለሉን ለምን አትሰብረውም?” ትላለች ብሌን ከበሩ ላይ። ጤና ጣቢያ ተረኛ ናት፤ ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች ነው። “ሴራሚኩን አንሳውና ወለሉን እንደገና አስተካክለህ ሥራው። እማዬ አንዴ ወድቃለች። ሁለተኛ ከወደቀች አትነሳም።”

እውነቷን ነው። እናቷ እትዬ የዓለምወርቅ ባለፈው ክረምት የወደቁት እዚሁ ነው። በግራ ጥግ ሁለት ሴራሚኮች ሰርጉደው ውኃ ያቁራሉ። ሲታጠቡ እዚያ ላይ ተንሸራተው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከዚያ ወዲህ ቁጢጥ ማለት አይችሉም፤ ብሌን ይኼን መቀመጫ ከጎንደር በአይሱዙ ያስመጣችው ለዚሁ ነው።

“አይሰበርም!” ይላሉ እትዬ የዓለምወርቅ። በሁለት ክራንች ተደግፈው ከብሌን ጀርባ ቆመዋል። “የልጄ እጅ ያረፈበት ነው። እኔ ሳልሞት ማንም አይነካውም።”

እኔ አንገቴን እደፋለሁ።

ወንድ ልጃቸው ትግሉ ጓደኛዬ ነበር። “ነበር” ማለቴን ቢሰሙ ይቆጡኛል። ሱዳን ከገባ አራት ዓመቱ ነው፤ እዚያ ጦርነት ከተነሳ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ከገዳሪፍ የሚመጣውን ሁሉ አስቁመው ይጠይቃሉ። አየሁት የሚል አልተገኘም።

ይኼን ወለል የሠራው ግን ትግሉ አይደለም። እኔ ነኝ።

ሊሄድ አንድ ቀን ሲቀረው ነው። “ለእማዬ ወለሉን በገዛ እጄ ሳልሠራላት አልሄድም” ብሎ ምሏል። እናቱ ለለቅሶ ሳንጃ ሄደው ነበር። “አንተ ጀምረው፣ መጣሁ” አለኝና የሚያሻግረውን ሹፌር ሲፈልግ ዋለ። እዚህ አገር ሲሚንቶ የሚቦካው በንጋት ነው፤ ፀሐይ ሳትበረታ ይለጠፋል፣ ወዲያው በራሰ ጆንያ ይሸፈናል። ይኼን አሳምሬ አውቃለሁ። ግን ትግሉን ስጠብቅ ረፈደ። በሚያዝያ፣ በስድስት ሰዓት፣ እየተናደድኩ ለጠፍኩት። ሳላስተካክለው እጄ ላይ ደረቀ። ጆንያም አላለበስኩትም። ማታ እናቱ ሲገቡ ትግሉ “ኸላስ፣ አለቀ! በእጄ ሠራሁልሽ” ብሎ አቀፋቸው፤ በትከሻቸው ላይ አሻግሮ ጠቀሰኝ። እኔም ሳቅሁ። ሲነጋ ሄደ።

እትዬን የጣላቸው እንግዲህ የእኔ ንዴት ነው። አሁን አንድ ቃል ብናገር መዶሻውን ራሳቸው ያቀብሉኛል፤ ወለሉም ይቃናል። ከልጃቸው የቀረላቸው ነገር ግን ይኸው ወለል ነው።

“እትዬ…” እላለሁ። “ይኸ ወለል እኮ…”

“አውቃለሁ፣ ጠማማ ነው። ቸኩሎ ነበራ ልጄ! ይልቅ ይኸን እይልኝ።” በክራንቻቸው ጫፍ በስተቀኝ የግድግዳውን ሥር ያሳዩኛል። ሴራሚኩ ያልደረሰበት ሲሚንቶ ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ፤ አጭር፣ ጫፉ የጎደለ። “አውራ ጣቱ ነው። ሙሉውን እንኳ ሳያሳርፈው ተነሳ። ሳልወድቅ በፊት ጧት ጧት ጎንበስ ብዬ እነካው ነበር። ደህና አደርክ እለዋለሁ።”

የቀኝ አውራ ጣቴን መዳፌ ውስጥ እደብቃለሁ። አብርሃ ጅራ ሰሊጥ ሳጭድ ጫፏን ማጭድ የወሰዳት ናት። አፈርኩ። ከማፈሬ ይልቅ ግን ፈራሁ፤ ልነግራቸው የነበረውን ትቼ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ።

የዘይት ጀሪካን ቆርጬ ሽብልቅ አወጣለሁ። አንዱን በግራ ከኋላ፣ ሁለቱን ከፊት እሰካለሁ። የውኃልኩ አረፋ መሀል ትገባለች። ቡሎኖቹን ተራ በተራ፣ ትንሽ በትንሽ አጠብቃለሁ፤ በአንድ በኩል ከጨከኑበት ይሰነጠቃል። በሁለት እጄ ይዤ እነቀንቀዋለሁ። ንቅንቅ አይልም። ዙሪያውን የምሞላበት ሲሚንቶ ገና አልቦካም፤ ራሰ ጆንያው ግን ደጃፉ ላይ ዝግጁ ነው። የሰረጎደው ጥግ እዚያው አለ። ነገም ውኃ ያቁራል።

“እትዬ፣ እስቲ ተቀምጠው ይሞክሩት።”

ብሌን ደግፋ፣ እንደ ለበሱ ታስቀምጣቸዋለች። ወደ ግራ ይገፋሉ፣ ወደ ቀኝ ያዘነብላሉ። መቀመጫው ድምፅ አያሰማም።

“ጸንቷል” ይላሉ። “ተባረክ ልጄ።”

ከዚያ ወደ ግድግዳው ሥር ጎንበስ ሊሉ ይሞክራሉ። እጃቸው ጉልበታቸው ጋ ሲደርስ ይቆማል። ጥርሳቸውን ነክሰው እንደገና ይሞክራሉ።

“ተይ እማዬ!” ትላለች ብሌን።

ቀና ይላሉ። ፊታቸው ላብ በላብ ሆኗል። “በቃ፣ ከእንግዲህ አልደርስበትም” ይላሉ። ወደ እኔ ይዞራሉ። “እስቲ አንተ ንካልኝ።”

እጄን እንዳያዩት ጀርባዬን ሰጥቼ እንበረከካለሁ። አውራ ጣቴን አሻራው ውስጥ አስገባለሁ። ልክክ ይላል።

“ይቀዘቅዛል?”

“ይቀዘቅዛል፣ እትዬ።”

እጃቸውን ራሴ ላይ ያሳርፋሉ።

“ትንሽ ቆይበት” ይላሉ።