ጎረቤት የሌለበት ዳሽቦርድ

ነዳጅ ያለ በቂ ምክንያት አይቃጠልም የሚል ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ መኪና ሁሉ ከመነሳቱ በፊት "ለምን?" ይላል። የሺመቤት "ጎረቤት" የሚል ቁልፍ ልትጨምር ዳሽቦርዱን ስትነካካ አረፈደች። እምቢ አላት፤ የሚያውቀው ሥራ፣ ሕክምናና ዘመድ ብቻ ነው። የዘነቡ ቀብር ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሠላሳ ዓመት አጥር ለአጥር ሆነው የሰፈሩን ሰው ሁሉ አብራት ያማችው ዘነቡ!

"ለምን ይሄዳሉ?" አለ መኪናው።

"ለቀብር!"

"ሟች ምንዎ ናቸው?"

"ጎረቤቴ።"

"አይበቃም።"

"አንተን ብሎ ዳኛ! እህቴ ናት በቃ! ከእህትም እህት!"

"እህትዎ። ተመዝግቧል። ነፍስ ይማር።"

ተነሳና ነዳጅ ለመቆጠብ እንደ ኤሊ ይሳብ ጀመር። ወዲያው ስልኳ ጮኸ። ያለቻት አንድ እህት ውድነሽ ናት።

"አንቺ! መኪናዬ 'ባለቤቴ ማረፋቸውን እህታቸው ስላስመዘገቡ አልነሳም' አለኝ እኮ! ምን በደልኩሽና ገደልሽኝ?"

"ለዘነቡ ብዬ ነው። በር ላይ ቁሚ፣ መጣሁልሽ።"

ውድነሽ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየተራገመች ከኋላ ገባች።

"የተሳፈሩት ማን ናቸው?" አለ መኪናው።

የሺመቤት ሰዓቷን አየች። ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ነው።

"ሟቿ ናት" አለች።

መኪናው ትንሽ አሰበ። "አስከሬን ለጫነ ቁጠባ የለም" አለና ተፈተለከ።

"ኧረ አስከሬን ያድርግህ!" ብላ ጮኸች ውድነሽ።

የሺመቤት በሳቅ ፈረሰች። ይሄንንስ ለዘነቡ ሳልነግራት አላድርም ብላ አሰበችና፣ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳበች።