ዳቦው ውስጥ ያለው ሕፃን

ማርሊስ ጥርሷን የገጨው ነገር ዳቦ እንዳልሆነ ወዲያው ገባት። ጠንካራ ነው፣ ትንሽ ነው፣ ጭንቅላትና እግር አለው። በምላሷ ወደ ጉንጯ ገፋ አድርጋ አፏን ገጥማ ዝም አለች።

ሕፃኑ ነው፤ በሰብአ ሰገል በዓል በሚቆረሰው ክብ ዳቦ ውስጥ የሚደበቀው የፕላስቲክ ሕፃን ኢየሱስ። እሱ የደረሰው ሰው ከአራት ሳምንት በኋላ፣ በሻማው በዓል ዕለት፣ እዚህ ገበታ ላይ ላለው ሁሉ ታማሌ ሠርቶ ያበላል። የበቆሎውን ሊጥ ማቡካት፣ ሥጋውን መቀቀል፣ አንድ በአንድ በቅጠል መጠቅለል፤ ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ስለዚህ እዚህ ሰፈር ሕፃኑን ያገኘ ሁሉ "አገኘሁ" አይልም። አንዳንዱ ኪሱ ይከተዋል፣ አንዳንዱ ሰሃኑ ሥር ይሸጉጠዋል። በዚህ ነገር ደግሞ ጎረቤቷን፣ የዛሬዋን ጋባዥ ዶኛ ቻዮን የሚያህል የለም። አንድ ዓመት እንዲያውም ዋጠችው ይባላል።

ማርሊስ ግን ደብቃ አታውቅም። ከባሏ ከአርደን ጋር ጡረታ ወጥተው ከአገራቸው፣ ከዱሉዝ ከተማ በረዶ ወደዚህ ወደ ቻፓላ ሐይቅ ዳር የመጡ ጊዜ፣ ሕፃኑ የደረሰው ለአርደን ነበር። ምን እንደሆነ ሳያውቅ በሁለት ጣቱ ብድግ አድርጎ "ዳቦ ቤቱን እንክሰሰው እንዴ?" ሲል ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሁለቱ ሲያቦኩ ውለው ያወጡት ታማሌ ድንጋይ ነበር፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን መጥቶ በላላቸው። ወይ ያ ቀን! አርደን ዱቄቱ ጢሙ ላይ እንዳለ በር ላይ ቆሞ ሰው ሲያስገባ ዛሬም ይታያታል። ማታ ድስት እያጠቡ "እኔ ከዚህ ንቅንቅ አልልም" አላት። አላለምም፤ እዚያ ኮረብታው ላይ ነው የተቀበረው።

እሷ ግን ሰኞ ወደ ዱሉዝ፣ ልጇ ጋ ልትኖር ትሄዳለች። ጥቅምት ላይ አፏ ለጥቂት ጊዜ ጠመም ብሎ ተመለሰ፤ ሐኪሙ ቀላል ስትሮክ ነው አለ። ልጇ ከርቲስ ያን ሰምቶ መጣና ሻንጣዋን ራሱ አሰረ። ቃሏን ሰጥታዋለች። ለጎረቤቶቿ ግን አልነገረችም፤ አፏን በከፈተች ቁጥር ሌላ ወሬ ይወጣል። ሰኞ የምትሄድ ሴት ደግሞ ታማሌ አበላለሁ ብላ ሰው ፊት አትዋሽም።

"ማርሊስዬ፣ ምነው ዝም አልሽ?" አለች ቻዮ። "ዳቦው አልጣመሽም?"

ማርሊስ ራሷን ነቀነቀች።

"እስቲ አፍሽን ክፈቺ!"

"ተያት፣ አንቺ!" አለ የቻዮ ባል ዶን ራሚሮ። "ሌባን ሌባ ሲመረምር አያምርም።"

ሁሉም ሳቁ። ከርቲስ ስፓኒሽ አይሰማም፤ ሰው ስለሳቀ እሱም ፈገግ ብሎ ወደ እናቱ ዞረ። አንድ ጉንጯ አብጧል፣ አፏ ወደ ጎን ሄዷል፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ክው አለ።

"እማዬ? እማዬ፣ እዪኝ! እጆችሽን አንሺ፣ ሁለቱንም!"

አነሳች፣ እንደተማረከ ወታደር።

"ስምሽን ንገሪኝ! ኧረ አምቡላንስ ጥሩ፣ እባካችሁ!"

ምን ታድርግ? ሰሃኗ ላይ ትፍ አለችው።

"ታማሌ! ታማሌ!" ብሎ ቤቱ ቀወጠው። ከርቲስ ደረቱን ይዞ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። "በቁሜ ገደልሽኝ እኮ፣ እማዬ!" ዶን ራሚሮ ቺካጎ ጣሪያ ሲሠራ በለመደው እንግሊዝኛ ነገሩን አስረዳው። ከርቲስም ሳቀ፤ ታማሌው ከአራት ሳምንት በኋላ መሆኑን ሲሰማ ግን ሳቁ መሀል ላይ ቆመ።

ቻዮ አልሳቀችም። "አንቺ ደብቀሽ አታውቂም" አለች። "ልጅሽም መጥቷል፤ መቼ ነው የምትሄጂው?"

"ሰኞ" አለች ማርሊስ።

ቻዮ ተነሳች። ሕፃኑን ከሰሃኑ ላይ አንስታ በሽርጧ ጠረገችውና የራሷ ቁራሽ ውስጥ ወተፈችው። "ለኔ ነው የደረሰኝ" አለች። "ሁላችሁም አይታችኋል። ታማሌው የኔ ዕዳ ነው። አንቺ በሰላም ግቢ፣ እህቴ።"

ደግነት ነበር። ቻዮ ናት ይህን ያደረገችው፣ ያቺ ቻዮ! ማርሊስ ግን አመማት። በዚህ ገበታ ላይ ከእንግዲህ ከሷ የሚጠበቅ ነገር የለም፤ እንግዳ ሆነች። ዱሉዝም የሚጠብቃት ይኸው ነው። ከርቲስ ደግ ነው፣ ሚስቱም ደግ ናት፣ ሞቅ ያለ ክፍል አሰናድተውላታል። እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም ምንም አይጠይቃትም።

እጇን ሰደደችና የቻዮን ዳቦ ፈለቀቀችው።

"አንቺ!" አለች ቻዮ።

"የኔ ነው! አንዴ እንኳ አገኘሁ ሳትዪ ኖረሽ ዛሬ የኔን ልትወስጂ?" ሕፃኑን ጨበጠችው። ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። "ከርቲስ፣ አልሄድም።"

"ቃል ገብተሽልኝ የለም እንዴ?"

"ገብቼልህ ነበር። ይቅር በለኝ፣ ልጄ። አልቻልኩም።"

"ብትወድቂስ? ብቻሽን ወድቀሽ ብትቀሪስ? ማን ያያል?"

"ታማሌ ያለብኝ ሰው እኮ ነኝ" አለችው። "ድምፄ ከጠፋ መጥተው በር ያንኳኳሉ።"

ከርቲስ ጭብጧን በሁለት እጁ ይዞ፣ ሕፃን ሳለ አፉ ሊከተው ያነሳውን ሁሉ እሷ ከእጁ ታስለቅቀው እንደነበረው፣ ጣቶቿን ቀስ እያለ ሊፈታ ሞከረ። ማርሊስ እያለቀሰች ሳቀችበት፤ ጣቶቿን ግን አልፈታችለትም።