የማይዝገው አፈሙዝ
የብረት ጠመንጃ ሁሉ ከካርቦን ክርና ከሙጫ በተሠራ ይቀየር የተባለ ጊዜ፣ ወንድይፍራው ያባቱን አስረክቦ በምትኩ የተሰጠውን እዚያው ያባቱ ቦታ፣ ከምድጃው በላይ ሰቀለው። በሦስተኛው ዓመት ለምርመራ የመጣችው የጦር መሣሪያ ባለሙያ አፈሙዙን በጣቷ መታ መታ አድርጋ አዳመጠች።

«ሙጫው ለቋል። ቢተኩሱበት ፊትዎ ላይ ይፈነዳ ነበር። የት ነው የሚያስቀምጡት?»

«ከምድጃው በላይ ነዋ። ጭስ ከዝገት ይጠብቃል።»

«ይሄ እኮ አይዝግም፣ አባባ። የሚገድለው ሙቀት ነው።»

«ዕድሜ ልክ ያገለግላል ያላችሁኝስ? አሁን ማሽላዬን ከዝንጀሮ በምን ልጠብቅ?»

ባለሙያዋ ጠመንጃውን ወሰደችበት።

ወንድይፍራው እየተነጫነጨ ቤቱ ገብቶ ግድግዳውን ቀና ብሎ አየ። ያባቱ ጠመንጃ አርባ ዓመት የተሰቀለበት ቦታ፣ ጥላሸት ስላልነካው ዛሬም ቅርጹን እንደያዘ ነው። የካርቦኑ ግን የራሱን ምልክት እስኪተው እንኳ አልቆየም።