ሰባት ጥቁር ነጥብ

ሁለተኛውንም አልቀበልም አለ። ጽጌረዳ ፍም እንደነካ ሰው እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሣች። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

«ምን አለሽ?» አሉ አያቷ እማማ አሰለፈች፤ መደቡ ላይ ተቀምጠው እሸት ባቄላ ይፈለፍላሉ።

«የይለፍ ቃልሽ ስሕተት ነው አለኝ፣ እምዬ። አንድ ዕድል ነው የቀረኝ። ሦስተኛውንም ከሳትሁ ይቆለፍብኛል፤ ዛሬ ደግሞ ቅዳሜ ነው፣ የሚከፍትልኝ ሰው እስከ ሰኞ የለም።»

እማማ አሰለፈች የባቄላውን ልጣጭ ወደ ሰፌዱ ሲጥሉ ሳቱና መሬት ላይ ወደቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጀርመን አገር አንድ ዳቦ ጋጋሪ ድርጅት አለ። የድርጅቱ ኮምፒውተር እዚያው ጀርመን ተቀምጦ፣ ፊቱ ግን በኢንተርኔት ተጉዞ ደብረ ታቦር፣ እዚህች ጠረጴዛ ላይ ይከፈታል። ጽጌረዳ ከዚህ ሆና የነገውን ዳቦ ለየሱቁ ትደለድልበታለች። እማማ አሰለፈች መጀመሪያ ሲሰሙ ስቀው ነበር። «ድሮ ጋፋት ላይ እኛ ነጮቹን መድፍ አሠራናቸው፤ አሁን ደግሞ እነሱ አንቺን ዳቦ ያስቆጥሩሻል!»

ዛሬ ሳቅ የለም። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ቀርቶታል፤ ከእሷ በፊት የነበረችዋን ልጅ አንድ ቀን ብትጠፋ አሰናብተዋታል። ይህ ሥራ ከሄደ ደግሞ ደላላው አያሌው አለ። ሁለት ጊዜ ከአንበሳሜ ድረስ መጥቶ የቤሩትን ኑሮ ማር ቀብቶ አውርቶላት ሄዷል። የልጅቱ ፓስፖርት ሳጥን ውስጥ ነው፤ የሳጥኑን ቁልፍ እማማ አንገታቸው ላይ አሥረው ነው የሚተኙት።

እማማን ያስጨነቃቸው ግን ሌላ ነው። ጠዋት ልጅቱ ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ፣ በፊደሎቹ መካከል የቆሎ ገለባ አይተው፣ ኮምፒውተሩን እንደበራ በእርጥብ ጨርቅ ጥርግ ጥርግ አድርገውታል። ውኃ ገባበት! ልጄን በገዛ እጄ ለባሕር ማዶ ሰጠኋት! ልናገር ይሉና ሌላ ባቄላ ያነሣሉ።

ጽጌረዳ በረጅሙ ተነፈሰችና ጣቶቿን እንደገና ዘረጋች።

«ቆይ!» አሉ። «ምን ልታደርጊ ነው?»

«ቀስ ብዬ ልጽፈው ነዋ።»

«የፊቶቹንስ እየሮጥሽ ነው የጻፍሽው?»

«አይ፣ ሁለተኛውንስ ቀስ ብዬ ነበር።»

«እንግዲያ ሦስተኛውን ምን ይለየዋል? እስኪ የጻፍሽውን አሳዪኝ።»

«አይታይማ፣ እምዬ። ሌላ ሰው እንዳያየው፣ ለአንዱ ፊደል አንድ ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው የሚያወጣው።»

እማማ አሰለፈች እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረዋል፤ ከዚያ በፊት ግን ፊደል የቆጠሩት ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከየኔታ እግር ሥር ነው። «የኔታ እኮ» አሉ፣ «ዳዊት ስንደግም በሆዱ የሚያጉተመትም ሲያገኙ በአርጩሜ ሸንቆጥ ያደርጉት ነበር። ‹ከሆድህ አውጣው! ያልሰማሁትን ስሕተት በምን ላርመው?› ይላሉ። አንቺም ከሆድሽ አውጪው። የሚታይበት ቦታ የለም?»

ልጅቱ ወደ ስክሪኑ ዞረች። ከነጥቦቹ በላይ ስም የሚሞላበት ቦታ አለ፤ እዚያ የተጻፈ ይታያል፤ እስካልላኩት ድረስም ዕድል አያስቆጥርም። ስሟን አጠፋችና የይለፍ ቃሏን እዚያ ጻፈች።

እማማ መነጽራቸውን አድርገው ቀረቡ። የእንግሊዝኛውን ፊደል በጣታቸው እየተከተሉ «ዋን... ያ... ዜ» ብለው አነበቡ። «ይህ ደግሞ የማን አገር ነው?»

«ወንዛዬ ብዬ እኮ ነው የጻፍሁት!» ጽጌረዳ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። «እምዬ፣ ሁለቱ ፊደሎች ቦታ ተለዋውጠዋል! የጀርመኖቹ አደራደር እንዲህ ነው፤ እኛ ዋይ ያለንበት ቦታ እነሱ ዜድ አላቸው። ቁልፉ ላይ የተጻፈው ያው ነው፤ ውስጡ ነው ጀርመንኛ የሆነው። ግን ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ካልተነካ እንዲህ አይሆንም። ማን ነካው?»

«እኔ ነኝ» አሉ እማማ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ። «ጠዋት ጠርጌው ነበር። የቆሎሽ ገለባ... ውኃ የገባበት መስሎኝ ነው ዝም ያልሁት። ይቅር በይኝ፣ ሆዴ።»

የልጅቱ ሳቅ አመለጣት። «‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም› ሲሉኝ የሚውሉት አንቱ አይደሉ? በአንድ እራፊ ጨርቅ ጀርመን አስገቡኝ እኮ!»

«ትስቂያለሽ፤ መጀመሪያ ውጪ!»

ጽጌረዳ ሁለቱን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነች። እዚያው የሚታየው ቦታ ላይ እንደገና ጻፈችው፤ ወንዛዬም ወንዛዬ ሆነ። አጠፋችው። ስሟን መለሰችና ወደ ታችኛው ወረደች።

ነጥቦቹ አንድ በአንድ ይወጡ ጀመር። እማማ አሰለፈች አሁን ከሥራቸው ያለውን ያውቁታል፤ ባቄላ እንደሚቆጥር ሰው በከንፈራቸው ቆጠሩ። ሰባት። ሰባት ቀን ነበር። ልጅቱ በአምስት ዓመቷ እግሯ አልቆም ቢል፣ አዝለዋት ወንዛዬ ወርደው፣ ጠዋትና ማታ ፍል ውኃው ውስጥ ይዘዋት ሰነበቱ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አንሥታው አታውቅም። ረስታዋለች ብለው ነበር።

ጽጌረዳ የመጨረሻውን ቁልፍ ተጫነች። ስክሪኑ ለአፍታ ጠቆረ፤ ከዚያ የዳቦው ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ግጥም ብሎ ወጣ።

«ገባሁ፣ እምዬ! በሉ አሁን አያናግሩኝ፤ ሱቆቹ እየጠበቁ ነው።»

«ማን አናገረሽ» አሉ እማማ። መሬት ላይ የወደቀውን ልጣጭ ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ፣ ከጠረጴዛው ሥር የልጅቱን እግሮች አዩ። በነጠላ ጫማ፣ የጣቶቿን ፍጥነት እየተከተሉ፣ መሬቱን ቶሎ ቶሎ ይመቱ ነበር። ልጣጩን አገኙት፤ ግን ቀና አላሉም።