ቀጥሉ ስላቸው

«ማነው የሚያስጀምራቸው?» ይላሉ ርእሰ መምህራችን አቶ እሸቴ፣ ወንበራቸውን ወደ በሩ እየጎተቱ።

«እነሱው።»

«አንተስ ምን ትሠራለህ?»

«እሰማለሁ።»

«እረኛ የሌለው ከብት የት እንደሚገባ ታውቃለህ፣ በዕውቀቱ።»

«ከብት አላስተምርም፣ ጋሼ።»

ስድስት ሳምንት የተጨቃጨቅነው በዚህ ነው። እሳቸው የሙዚቃ ክፍሌ ልጆች እጄን እያዩ እንዲጫወቱ ይፈልጋሉ። የመምህሩን እጅ ብቻ የሚያይ ልጅ ጓደኛውን አይሰማም እላለሁ እኔ፤ ሚኒስትር ቢመጣም ይህንኑ እላለሁ። ዛሬ ይለይለታል። ካማረ ሐሙስ በወላጆች በዓል ልጆቹ ራሳቸው ይጫወታሉ። ካላማረ ዘፈኑ ከስልክ ይለቀቅና እነሱ ተሰልፈው ያጨበጭባሉ። ይህን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ሙኒራ ከበሮዋን ሁለቴ ትመታለች። የእንቁ ዋሽንት ይገባል፣ የዮሳዲቅ ክራር ይከተላል። የመጀመሪያው ዙር ያምራል። አቶ እሸቴን ቀና ብዬ አያቸዋለሁ።

በሁለተኛው ዙር የክራሩ ድምፅ መውረድ ይጀምራል። ጥፋቱ የኔ ነው። የቃኘነው ኤሲው እየሠራ ሳለ ነበር፤ መብራት ከጠፋ ግን ግማሽ ሰዓት አልፏል፣ የጅቡቲ የሰኔ ሙቀትም ክፍሉን ሞልቶታል። ክሮቹ ላልተዋል። ዋሽንቱ እንደሆነ አይጠብቅም አይላላም፤ ሁለቱ እየተራራቁ ነው።

እጄ ሳላዘው ይነሣል። ቀጥሉ።

ሙኒራ መዳፏን ከበሮው ላይ ታሳርፋለች። ሁሉም ይቆማል።

«ቀጥሉ ነው ያልኩት» እላለሁ፣ አቶ እሸቴ እንዳይሰሙ በሹክሹክታ።

«ክራሩ ወርዷል፣ ቲቸር» ትላለች፣ ዞራ እንኳ ሳታየኝ። «እንቁ፣ ድምፅ ስጪው።»

«እኔ አይደለሁም፣ ሙቀቱ ነው» ይላል ዮሳዲቅ።

«ማን ከሰሰህ? ቃኝ።»

ንዴቱ እስከ ጆሮዬ ይወጣል። በሰውየው ፊት፣ በዛሬው ቀን። ልጮህ አፌን ስከፍት እንቁ አንዲት ድምፅ ረዘም አድርጋ ትነፋለች፤ ዮሳዲቅ ጆሮውን ክራሩ ላይ ደፍቶ አንድ ክር ያጠብቃል፣ ሌላውን ይነካል፣ እንደገና ያጠብቃል። አፌን እዘጋለሁ።

አቶ እሸቴ ተነሥተዋል። «እንግዲህ አየነው» ይላሉ።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ። አልጨረሱም።»

ሙኒራ ሁለቱን ልጆች በየተራ ታያለች፤ በራስ ንቅናቄ ይመልሱላታል። ከበሮው ይነሣል፤ እኔ ከምወደው ዝግ ብሎ። ሦስቱ ድምፆች አንድ ላይ ይገባሉ።

አቶ እሸቴ ቀስ ብለው ይቀመጣሉ። ዙሩ እስኪያልቅ ይሰማሉ፤ ከዚያ ወደኔ ዘንበል ይላሉ። «በምልክት ያስቆምካቸው አንተ ነህ፣ አይደል? ደግ አደረግህ።»

አዎ ማለት ቀላል ነበር።

«እኔማ ቀጥሉ ነበር ያልኳቸው።»

«ልጆቹ ሐሙስ በሦስት ሰዓት ይድረሱ» ይላሉ።

አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ልጆቹ ሦስተኛውን ዙር ሲጀምሩ፣ ሁለት እጆቼን ከጭኖቼ ሥር እከታቸዋለሁ።