አምስተኛው ቅርንጫፍ

ታናሽ ወንድሙ ከኋላው ጎንበስ ብሎ ስክሪኑ ላይ የቅርንጫፎቹን ዝርዝር ሲያሳየው፣ ታላቅየው መጀመሪያ ያደረገው መቁጠር ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

«አምስተኛው የት ሄደ?» አለ።

«የቱ፣ ወንድም ጋሼ?»

«የባቡር ጣቢያው ነዋ! አምስት ቅርንጫፍ አይደል ያለን?»

ታናሹ በሩ አጠገብ ወደ ቆመችው ወደ ታላቅየው ሚስት ዞር አለ። እሷም አየችው። ታላቅየው ሁለቱንም አያቸው።

«እናስገባዋለን» አለ ታናሹ ቀስ ብሎ። «አታስብ።»

ይህን የመኪና መለዋወጫ አከፋፋይ ድርጅት ታላቅየው ከአንዲት ጠባብ ሱቅ ተነስቶ ነው እዚህ ያደረሰው። ሠራተኞቹ «ጋሼ መዝገብ» የሚሉት በከንቱ አይደለም። የትኛው ጋራዥ የትኛውን ማጣሪያ እንደሚወስድ፣ የቱ ዕቃ በየትኛው ወር እንደሚያልቅ በቃሉ ነበር የሚያውቀው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱ ኮምፒውተርና የራሱ ደብተር አለው። አንዱ ከሌላው ጋር የሚገናኘው በእሱ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር።

አሁን ክላውድ፣ «ደመና» የሚሉት ነገር መጣ። የሁሉም ቅርንጫፍ ሽያጭ፣ ደንበኛና የዕቃ ብዛት በኢንተርኔት በኩል ሩቅ አገር ባለ አንድ የዳታ ማከማቻ ውስጥ ይሰበሰባል። ከዚያ በኋላ የይለፍ ቃል ያለው ሰው ሁሉ የፈለገውን ጠይቆ ወዲያው መልስ ያገኛል። ጋሼ መዝገብን የሚጠይቅ አይኖርም።

«ደመና ላይ ልታስቀምጡት ነው አሉ» ብሎ ነበር መጋዘን ጠባቂው። «እንግዲህ ዝናብ በዘነበ ቁጥር ካንዴላ ሊወርድልን ነው!»

ሁሉም ሳቀ። ታላቅየው አልሳቀም።

ታናሹ በየቀኑ ከምሳ በኋላ የዳታ ባለሙያዋን አስከትሎ ይመጣና ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ልጅቷ ደግሞ በገባች ቁጥር «እኔ የዳታ ባለሙያዋ ነኝ ጋሼ» ብላ እንደ አዲስ ራሷን ታስተዋውቃለች። ምን ዓይነት ጥጋብ ነው? ታናሹ ይጠይቃል፣ እሱ ይመልሳል፣ ልጅቷ ትጽፋለች።

«ድልድዩ ጋ ያለው ጋራዥ የሚወስደው የዘይት ማጣሪያ የትኛው ነው?»

ነገረው።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ይህን ስትጠይቀኝ ሦስተኛህ ነው! እያጠመድከኝ ነው እንዴ?»

«ኧረ በፍጹም፣ ወንድም ጋሼ። ላረጋግጥ ብዬ ነው።»

ገባው። እንደ ሎሚ እየጨመቁት ነው። ሲጨርሱ ልጣጩን ይጥሉታል።

ነገሩ በድርጅቱ ቢያበቃ እንኳ ይቻል ነበር። የቢሮውን ደጃፍ ረግጣ የማታውቀው ሚስቱ በየቀኑ መምጣት ጀምራለች። «አንተ ትንሽ ዕረፍ፣ እኔ እነዳለሁ» ብላ የመኪናውን ቁልፍ ከተቀበለችው ቆይቷል። ቢሮ ስትደርስ ግን ቀጥታ ወደ ታናሹ ክፍል ነው። በመስታወቱ በኩል ሁለቱ ራስ ለራስ ገጥመው ሲንሾካሾኩ ያያል። እሱ ሲገባ ዝም። አንድ ቀን ስታለቅስ ደረሰ፤ የወንድሙ እጅ ትከሻዋ ላይ ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ምንም። ጉንፋን ይዞኝ ነው።»

ለጉንፋን ትከሻ ይደባበሳል?

ታናሹ ከእሱ በአሥራ ሁለት ዓመት ያንሳል። ጸጉሩ ገና ጥቁር ነው። ደረጃ ሲወጣ ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ነው። ታላቅየው እንዲህ ያለውን ነገር ድሮ ልብ ብሎት አያውቅም ነበር፤ አሁን ሌላ የሚያየው ነገር የለም።

ማክሰኞ ዕለት መሳቢያዎቹ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎ አገኘ፦ «ማህተም»፣ «ቁልፍ»፣ «የኢንሹራንስ ወረቀት»። ገና በቁሙ ንብረቱን እየለዩ ነው። ረቡዕ፣ ሃያ ካርቶን ፍሬን ሸራ ወደ ባቡር ጣቢያው ቅርንጫፍ እንዲላክ መጋዘን ጠባቂውን አዘዘው። «እሺ ጋሼ፣ አሁኑኑ!» አለው። ሐሙስ ጠዋት ወርዶ ሲያይ ሃያውም ካርቶን ንቅንቅ አላለም። ድሮ የእሱ ቃል መሬት ጠብ አይልም ነበር!

ከዚህ በላይ አልቻለም። ወደ ታናሹ ክፍል ወጣ። ሁለቱም እንደ ልማዳቸው እዚያው ነበሩ።

«ወንድም ጋሼ፣ ምነው በደህና...»

«ዝም በል! እንደ ልጄ ነው ያሳደግኩህ። ድርጅቴን ወሰድክ፣ ዝም አልኩ። የጣቢያውን ቅርንጫፍ ደበቅክ። አሁን ደግሞ ትዳሬን! አንቺስ ብትሆኚ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ? ጸጉሩ ስላልሸበተ ነው?»

ሚስቱን ሳቅ ሊያመልጣት ሲል አየ። ሳቁ ግን መንገድ ላይ ወደ ልቅሶ ተለወጠ።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝና እወጣላችኋለሁ» አለ። «ይህን ክላውድ የምትሉትን ነገር ቤቴ ማን አስገባው? ውሉን ማን ፈረመ?»

ታናሹ እጁን ወደ መሳቢያው ልኮ መለሰው።

«ስጠው» አለች ሚስቱ፣ ወደ መስኮቱ ዞራ።

«ዛሬ እንኳ ቢቀርበት...»

«ስጠው አልኩህ። መብቱ ነው።»

ታናሹ የውሉን ማህደር አወጣ። ጠርዙ በመገላበጥ ብዛት ተበልቷል። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጠው ማንም ሳይነካው የመጨረሻው ገጽ ላይ ተከፈተ። ታላቅየው ጎንበስ ብሎ ከቅርንጫፎቹ ዝርዝር፣ «ባቡር ጣቢያ፦ ከዓመታት በፊት የተዘጋ» ከሚለው መስመር በታች፣ የፈራሚውን ስም በጣቱ ፈለገ።

ፊርማው የራሱ ነበር፤ ከሥሩም በገዛ እጅ ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «ሐኪሙ የነገረኝ የመርሳት ሕመም ሳይብስብኝ የማውቀውን ሁሉ ከጭንቅላቴ አውጥታችሁ እዚህ አስቀምጡ፤ ብቆጣችሁም፣ ብጠረጥራችሁም እንዳታቆሙ።»